ስድቡን አውጥቶ ንዴቱን መተው፦ የመለያየት ዘፈንን ለሬዲዮ ማዘጋጀት

ባለፈው ግንቦት አንድ የባጃጅ ሹፌር ስቱዲዮዬ መጣ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ነው የምሠራው፤ አንዲት ክፍል፣ ግድግዳዋ በስፖንጅ የተሸፈነ። ልጁ ስልኩ ላይ የቀዳውን ዘፈን ከፈተልኝ። ፍቅረኛው ትታው ቪትዝ ካለው ሰው ጋር ሄዳለች። ዜማው ልብ ይበላል። አዝማቹ ላይ ግን የእናት ስድብ አለ፤ ያውም አራት ጊዜ ይመላለሳል።

«አቦ፣ ሬዲዮ ላይ እንዲያጫውቱልኝ ነው የምፈልገው። እናቴም እንድትሰማው። አንቺ አስተካክዪልኝ፣ ግን ዘፈኑን እንዳትገድዪው» አለኝ። (ድሬ ታላቅንም አንተ፣ አንቺ ነው የምንለው። ንቀት አይደለም፣ መቅረብ ነው።)

ዘፈኑን እንዳትገድዪው። የዚህ ሥራ ጭንቅ በሙሉ እዚች ላይ ነው። ስድብ ማጥፋት ማንም ይችላል፤ አንድ ቁልፍ መጫን ነው። ስድቡ ሲወጣ ንዴቱ አብሮ እንዳይወጣ ማድረግ ግን ሌላ ነው። እንዴት እንደምሠራው ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ዘፈን ላስታውሳችሁ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ሲሎ ግሪን እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ የመለያየት ዘፈን አወጣ። ርዕሱ ራሱ ስድብ ነው፤ በእንግሊዝኛ ከባድ ከሚባሉት አንዱ። ገንዘብ የሌለው ሰው ነው የሚዘፍነው። የሚወዳት ልጅ ገንዘብ ያለው ጋር ሄዳለች፤ እሱም ሁለቱንም ይሰድባል። ግጥሙን አብረውት ከጻፉት አንዱ ብሩኖ ማርስ ነው። ሙዚቃው የ1960ዎቹን የአሜሪካ ሶል ያስታውሳል፤ ፒያኖ አለ፣ ደስ የሚሉ ተቀባዮች አሉ። እንዲህ በሚጣፍጥ ሙዚቃ ላይ ያ ቃል ሲወርድ ነው ዘፈኑ ዘፈን የሆነው።

ያኔ መጋላ አንድ ሙዚቃ ቤት ተቀጥሬ ፍላሽ እሞላ ነበር። የዚህ ዘፈን የተለያዩ ቅጂዎች እጄ ላይ ገቡ። አንዱ እንዳለ ነው። አንዱ ቃሉ በሚመጣበት ቦታ ፀጥ ይላል። ሌላው «ፎርጌት ዩ» ይላል፤ «እርሳው፣ ተወው» እንደማለት ነው። እያፈራረቅኩ ብዙ ቀን ሰማኋቸው። ሥራዬን የተማርኩት ከዚያ ነው ብል አላጋነንኩም።

ፀጥ የሚለው አላረካኝም። አዝማቹ መሀል ጉድጓድ አለው፤ ሰው እጁን ዘርግቶ ሊጨብጣችሁ ሲል መልሶ እንደሚሰበስበው ዓይነት። «ፎርጌት ዩ» የሚለው ግን በእግሩ ቆመ። ምክንያቱን ጆሮዬ ቀስ ብሎ ነው ያገኘው። ሁለቱም ቃላት በ«ፍ» ድምጽ ነው የሚጀምሩት፤ ያ ከንፈር ነክሶ የሚወጣ ትንፋሽ አልጠፋም። አዲሱ ቃል አንድ ቀለም፣ ማለትም አንድ የቃል ክፋይ፣ ይበልጣል። ያቺን ትርፍ ቀለም ከምቱ በፊት ሹልክ አድርገው አስገቧትና ዋናው ምት «ጌት» ላይ አረፈ። ደግሞም የዘፈነው ራሱ ሲሎ ነው፤ በዚያው ንዴት፣ በዚያው ድምጽ። በዚህ ስም በየሬዲዮው ገባ። ዘፈኑ እንግሊዝ ውስጥ 1ኛ፣ አሜሪካ ውስጥ 2ኛ ደረጃ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 የግራሚ መድረክ ላይ ከተዋናይቷ ጉኔት ፓልትሮውና ከአሻንጉሊቶች ጋር ሲዘፍነውም ንጹሁን ነበር።

አሜሪካ ውስጥ እንዲህ የሚለፉበት ምክንያት አለ። በሕጋቸው መሠረት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በሬዲዮና በመደበኛ ቴሌቪዥን ብልግና ማስተላለፍ ክልክል ነው። ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ ሬዲዮ የሚሰማው ደግሞ በእነዚህ ሰዓቶች ነው። የእኛ ከልካይ ከሕጉም በፊት ቤቱ ነው። ሬዲዮ የሚሰማው ምሳ ላይ፣ አያት ባለችበት ነው።

እሺ፣ ወደ ሥራው።

ምንም ሳትነኩ ሦስት ጊዜ አድምጡ። አንዴ ዋናውን ድምጽ ብቻ። አንዴ ተቀባዮቹን ብቻ። አንዴ ደግሞ ከስልክ ስፒከር፣ እንደ ተራ ሰው። ወረቀት ላይ ደቂቃውንና ሰከንዱን ጻፉ። ሁለተኛውን ማድመጥ ማንም እንዳይዘለው እለምናለሁ። አንድ ጊዜ ለትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ዘፈን አጽድቼ ሰጠሁ። ዋናው ዘፋኝ ያለውን በሙሉ አውጥቻለሁ። ተቀባዮቹ ግን ግማሽ ምት ዘግይተው ያንኑ ቃል ይደግሙት ነበር። በሄድፎን ስሠራ ዋናው ድምጽ ሸፍኖብኝ አልሰማሁትም። ዋናው ድምጽ ሲወጣ ደግሞ የእነሱ ጎልቶ ቀረ። አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰማሁት። አንዲት እናት የልጇን እጅ ይዛ ስትወጣ እስካሁን ይታየኛል። ጥፋቱ የኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተቀባዮችን ለብቻ ሳልሰማ አላስረክብም።

ቀጥሎ ቃሉ ዘፈኑ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለዩ። አንዳንድ ስድብ ቅመም ነው፤ ስንኙ መሀል ጣል ተደርጓል፣ ቢወጣም ወጡ ወጥ ነው። አንዳንዱ ግን ምሰሶ ነው። አዝማች ላይ የቆመ፣ ቤት የሚመታ፣ ሰው እጁን አንስቶ አብሮ የሚጮኸው። ቅመሙን አፍኑት። ምሰሶውን ግን ብታፍኑት ጣሪያው ይወርዳል። እሱ በሌላ ምሰሶ ነው የሚተካው።

ማፈኑ ቀላል ነው፤ ቶሎ ልለፈው። ድምጹና ሙዚቃው በየትራኩ ተለይቶ ካለ ድምጹን ብቻ አጥፉ፣ ሙዚቃው ይቀጥል። በተቆረጠበት ጫፍና ጫፍ 10 ሚሊሰከንድ ያህል ፌድ ስጡት፣ ማለትም ድምጹ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ቀስ ብሎ ይግባ፤ አለበለዚያ «ጠቅ» ይላል። ሪቨርብ (ማሚቶ) ካለ ተጠንቀቁ። ቃሉን ቆርጣችሁ ማሚቶውን ከተዋችሁት ሰው ከማሚቶው ያውቀዋል። በአንድ ፋይል የተጠቀለለ ዘፈን ከሆነ ደግሞ ኢንስትሩሜንታሉን፣ ዘፋኝ የሌለበትን ሙዚቃ ብቻ፣ ፈልጉ። ከድራሙ ምት ጋር አሰልፉትና ቃሉ ያለበት ላይ ብቻ ለጥፉት። ካልተገኘ ከዚያው ዘፈን ዘፋኝ የሌለበትን ተመሳሳይ ባር (አንድ ዙር ምት) ገልብጡ። ለዚህ ኦዳሲቲ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይበቃል፣ ነፃ ነው። ከኤምፒ3 ይልቅ ዌቭ (WAV) በሚባለው የፋይል ዓይነት ሥሩ፤ ኤምፒ3 በታረመና በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል። ቢፕ አታድርጉ። ቢፕ ስድቡን ከስድቡ በላይ ያስጮኸዋል። የቃሉን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ማስቀረትም አልወድም፤ ልጆች ናቸው ቀሪውን የሚጨርሱት።

መተካቱ ላይ ግን ረጋ እንበል።

የባጃጁ ልጅ ስድብ አራት ቀለም ነበረው፣ መጨረሻው «ሽ»። ስንኞቹ በሙሉ ቤት የሚመቱት በ«ሽ» ነው። የመጀመሪያው ቀለም ከበሮው ላይ ይወርዳል። እንግዲህ ምትኩ አራት ቀለም፣ መጨረሻው «ሽ»፣ መነሻው ጠንካራ መሆን አለበት። ከሁሉ በላይ ደግሞ መናደድ አለበት። ወረቀት አወጣን። ቡና አፈላሁ።

መጀመሪያ «ገደል ግቢ» አልን። አራት ቀለም ነው፣ ምቱ ላይም ይቀመጣል። ቤቱ ግን ፈረሰ፤ «ቢ» ብሎ ይጨርሳል። ልጁም አልወደደውም። «ገደል እንድትገባ አይደለም የምፈልገው። እንዲቆጫት ነው» አለ። ይቺን ወረቀቱ ራስጌ ላይ ጻፍኳት። ምትክ ቃል ስትፈልጉ ዘፋኙን ይህንን ጠይቁት፦ ምን እንዲሰማት ነው የምትፈልገው? ስድብ ብዙ ጊዜ ቃል ያጣ ሰው የሚያነሳው ድንጋይ ነው። ድንጋዩን ስትቀሙት የፈለገውን ይነግራችኋል።

ቀጥሎ «አላህ ይይልሽ» አልን። ቤቱ መታ። ሲዘፍነው ግን ለቅሶ ሆነ። የተበደለ ሰው ልመና እንጂ የተናደደ ሰው ድምጽ አልነበረም። ተውነው።

ሦስተኛውን እሱ ነው ያመጣው። ሲኒውን አስቀመጠና በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ «የጅሽን ይስጥሽ» አለ። የጅ፣ ሽን፣ ይስ፣ ጥሽ። አራት። ሁለታችንም ዝም አልን። እርግማን ነው፤ የእጅን ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ያውቃል። ግን እጇ ደግ ከሠራ ምርቃት ነው። ሰሙ ምርቃት፣ ወርቁ እርግማን። እናቱ ፊት ሊዘፍነው ይችላል፤ ልጅቷ ስትሰማው ደግሞ ለማን እንደሆነ አትስተውም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች በዚህ ታድለናል። ሰው ሳይሳደብ እንዲሳደብ ተብሎ የተሠራ የሚመስል ቋንቋ አለን፤ እንጠቀምበት።

ከዚያ ቀረጻ። ቃሉን ብቻ አስቀርጻችሁ አትለጥፉ፤ ይታወቃል። ሁለት ስንኝ ቀደም ብሎ ይጀምር፣ አዝማቹ ላይ ትንፋሹ እንደዚያው ተንጠልጥሎ ይድረስ። ከማይኩ ያለውም ርቀት እንደ መጀመሪያው ይሁን። የኛን በእጄ ለካሁት፣ አንድ ስንዝር ከአራት ጣት። ድሬ ላይ ሌላም ጣጣ አለ፤ ቬንትሌተር። በግንቦት ሙቀት ስታጠፉት ክፍሉ ምጣድ ይሆናል። ካላጠፋችሁት ደግሞ እዝዝታው ድምጹ ሥር ይገባል። እኛ አጥፍተን፣ አዛን እስኪያበቃ ጠብቀን፣ መንገዱ ላይ ባጃጅ ሲቀንስ ቀዳን። ሦስት ጊዜ ዘፍኖ ላቡ ማይኩ ላይ ጠብ አለ። የወሰድኩት ሦስተኛውን ነው። ድምጹ «ይስጥሽ» ላይ ትንሽ ይሰነጠቃል። አላስተካከልኩትም። ተቀባዮቹንም በአዲሱ ቃል እንደገና አስዘፈንኳቸው፤ ምክንያቱን ታውቃላችሁ።

ዘፈኑ የራሳችሁ ወይም አጠገባችሁ ያለ ሰው ሥራ ካልሆነ ግን ቃል አትተኩ። በሰው አፍ የራሳችሁን ቃል መክተት ነው። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት ይጠብቃል፤ ሥራው ያለፈቃዱ ተዛብቶ ሲቀርብ መቃወም ይችላል። ለውጭ ዘፈን መጀመሪያ «ክሊን» ወይም «ሬዲዮ ኤዲት» የሚለውን ፈልጉ። ታዋቂ ዘፈኖች አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቶቹ ያወጡት ንጹህ ቅጂ አላቸው፤ ከእኛ መቀስ ይሻላል።

ከማስረከብ በፊት አሰሙት። እኛ ጋ ይሄ የግድ ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ ይነገራል። በአንዱ ንጹህ የሆነ ቃል በሌላው ጆሮ ምን እንደሚመስል ከተናጋሪው በቀር ማንም አይነግራችሁም። አራት ጎረቤት ጠርቼ ሙሽበክና ሻይ አቅርቤ አሰማኋቸው። ምንም እንዳልተቀየረ አድርጋችሁ ነው የምታሰሙት። «እዚህ ጋ ምን ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ ካለ ስፌቱ ይታያል ማለት ነው፤ ተመለሱ።

የፋይሉ ስም ላይ «ንጹህ» ብላችሁ ጻፉ፣ ከፊት። ከኋላ ከጻፋችሁት የመኪና ቴፕ ረጅም ስም ስለሚቆርጥ አይታይም። ዋናውንና ንጹሁን በአንድ ፍላሽ አታስረክቡ።

ልጁ ፍላሹን ባጃጁ ላይ ሰክቶ እናቱን ከሳቢያን ሰፈር ይዟት መጣ። ከኋላ ወንበር ሳትወርድ እስከ መጨረሻው ሰማችው። ሁለተኛው አዝማች ላይ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረችና «ይቺ ልጅ የማን ልጅ ናት?» አለችኝ።