ስማቸው አንድ፣ ኤስአይዲያቸው ለየቅል

ዳታቤዙን ከአሮጌው ኤስኪውኤል ሰርቨር (የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ ሶፍትዌር) ወደ አዲሱ ሪስቶር ካደረግኩ በኋላ አፕሊኬሽኑ አልገባም አለ። ፓስዋርዱን ሁለቴ ቀየርኩ፤ ወይ ፍንክች! ለካ ሎጊን የሰርቨሩ መግቢያ አካውንት፣ ዩዘር ደግሞ የዳታቤዙ ተጠቃሚ ነው፤ የሚያገናኛቸውም ስም ሳይሆን ኤስአይዲ (የደኅንነት መለያ) ነው።

የዳታቤዙን ዩዘሮች የሚዘረዝረውን «ሲስ.ዳታቤዝ_ፕሪንሲፓልስ»ን የሰርቨሩን ሎጊኖች ከሚዘረዝረው «ሲስ.ሰርቨር_ፕሪንሲፓልስ» ጋር በኤስአይዲ ሌፍት ጆይን አደረግኩ (ተዛማጅ ሎጊን የሌላቸው ዩዘሮችም እንዲታዩ)። በታይፕ ኮለም «ኤስ» የኤስኪውኤል፣ «ዩ» የዊንዶውስ ተጠቃሚ፣ «ጂ» የዊንዶውስ ግሩፕ ነው፤ «አር» ሮል (የፈቃዶች ቡድን) ስለሆነ ዝለሉት። የእኔ «ኤስ» ዩዘር በሰርቨሩ በኩል ናል (ባዶ) ሆኖ ወጣ፤ ማለትም በኤስአይዲ የሚዛመደው ሎጊን የለውም። («ጌስት» የተባለው ከዳታቤዙ ጋር አብሮ የሚመጣ ዩዘርም ናል ይሆናል፣ አትደንግጡ።) በ«ኦልተር ዩዘር» ትእዛዝ፣ «ዊዝ ሎጊን» ጨምሬ፣ ከነባሩ ሎጊን ጋር አያያዝኩት። ዩዘሩን አጥፍቼ እንደገና ብፈጥረው ኖሮ ፈቃዶቹን ሁሉ ከዜሮ መስጠት ነበረብኝ።