ፔንታቶኒክ አንድ ቦታ ሲቆምባችሁ፦ ችግርና መፍትሄ

ፔንታቶኒክ ባለ አምስት ድምፅ ስኬል (የድምፆች ተርታ) ነው፤ ቦክስ ደግሞ ስኬሉን አንገቱ ላይ በአንድ ቦታ የምንጫወትበት የጣት ቅርፅ ነው። ጊታራችሁ ተቃኝቷል፣ የመጀመሪያውን ቦክስም ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር። ምሳሌዎቹ በሙሉ በኤ ማይነር ፔንታቶኒክ ናቸው። አምስቱ ድምፆች ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ እና ጂ ናቸው። ክር የምቆጥረው ከቀጭኑ ነው፤ ቀጭኑ 1ኛ፣ ወፍራሙ 6ኛ።

ቅርፁ 2ኛው ክር ላይ ሲደርስ ይበላሻል

ምክንያቱ ቅኝቱ ነው። ሌሎቹ ጎረቤት ክሮች በ5 ግማሽ ድምፅ (አንድ ግማሽ ድምፅ አንድ ፍሬት ነው፤ ፍሬት አንገቱን በብረት የሚከፋፍለው እርከን ነው) ሲራራቁ፣ 3ኛውና 2ኛው ግን የሚራራቁት በ4 ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ 2ኛው ክር ስትሻገሩ ቅርፁን አንድ ፍሬት ወደ ጊታሩ ሆድ ግፉት።

ትንሿ ጣት 8ኛውን ፍሬት አትይዝም

አውራ ጣታችሁ ከአንገቱ በላይ ወጥቷል። ወደ ጀርባው መልሱት።

ከ12ኛው ፍሬት በላይ ድምፁ ይጣመማል

12ኛው ፍሬት ላይ ሃርሞኒክ አውጡ (ክሩን ሳትጫኑ በጣት ነካ አድርጋችሁ ምቱ)፤ ከዚያ እዚያው ተጭናችሁ ምቱ። የተጫናችሁት ድምፅ ከሃርሞኒኩ ከፍ ካለ፣ ድልድዩ ላይ ያለው የክሩ መቀመጫ ወደ ኋላ መሄድ አለበት። ግን መጀመሪያ ክር ቀይሩ! ዝገት በበላው ክር ጊታር ማስተካከል ድካም ብቻ ነው። ክሩ ጣት እያጠቆረ "ጆሮዬ ነው መሰለኝ ችግሩ" የሚሉ ሰዎች ያበሳጩኛል። ጆሯቸው ምንም አልሆነም።

በፍጥነት ይወጣል ይወርዳል፣ ሙዚቃ ግን አይሆንም

ከሁሉም በላይ ደጋግሜ ያየሁት ይሄንን ነው።

አንድ ወጣት ሁለት ዓመት ከተለማመደ በኋላ መጣ። እጁ ይበራል። ቦክሱን ወጣው፣ ወረደው፣ ደገመው። መሃል ላይ አስቆምኩት። የቀለበት ጣቱ 3ኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ነበር። "ይሄ ማን ይባላል?" አልኩት። ዝም አለ። ዲ ነበር። "እሺ፣ ኤ የት የት አለ?" 6ኛው ክር 5ኛ ፍሬትን ብቻ አሳየኝ። 4ኛው ክር 7ኛ ፍሬትና 1ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያሉትን በቀን መቶ ጊዜ እየነካቸው አያውቃቸውም።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ስኬሉን የተማረው በዓይኑ ነው። ጣቱ ነጥቦቹን ያውቃል፤ ጆሮው ግን ማረፊያውን አያውቅም። ማረፊያ የሌለው ዜማ ደግሞ ዝም ብሎ መንከራተት ነው።

የሰጠሁት መድኃኒት ቀላል ነበር። ኤ ማይነር ኮርድን ስልካችሁ ላይ ለሁለት ደቂቃ ቅረፁ። እሱን እያሰማችሁ ከፈለጋችሁት ድምፅ ተነሱ፣ ግን ከሦስቱ ኤዎች አንዱ ላይ እረፉ። አራት አምስት ድምፅ ይበቃል። ለሳምንት ሌላ ምንም አትጫወቱ። ከዚያ ሲ ሜጀር ኮርድ ቅረፁና፣ በዚያው ቦክስ ሲ ላይ እረፉ፦ 6ኛው ክር 8፣ 3ኛው ክር 5፣ 1ኛው ክር 8። አንድም ድምፅ ሳይቀየር ስሜቱ ሌላ ይሆናል፤ ሲ ሜጀር ፔንታቶኒክ ማለት እሱ ነው። ልጁ ይሄን የሰማ ዕለት እጁን አንስቶ ጊታሩን ዝም ብሎ አየው።

ሌላዋ ተማሪ ደግሞ አምስቱንም ቦክስ በአንድ ሳምንት ሸምድዳ ነበር። ከ1ኛው ወደ 2ኛው ስትሻገር ግን ትቆማለች፣ አንገቱን ታያለች፣ ትፈልጋለች። ቦክሶቹ ለእሷ አምስት የተለያዩ ቤቶች ናቸው። ግድግዳቸው ግን የጋራ ነው፤ የ1ኛው ቦክስ ወደ ጊታሩ ሆድ ያለው ጠርዝ የ2ኛው መነሻ ነው።

እሷን ያወጣት አንድ ክር ነው። በ3ኛው ክር ብቻ ተጓዙ፦ 2፣ 5፣ 7፣ 9፣ 12፣ 14። ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ እያላችሁ፣ እያዜማችሁ። ከዚያ ቦክስ 1ን ጀምራችሁ 3ኛው ክር ላይ ስትደርሱ፣ የቀለበት ጣታችሁን ከ7 ወደ 9 አንሸራቱት። ሁለተኛው ቦክስ ውስጥ ናችሁ።

ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪው) 60 ላይ ይሁን፣ በአንድ ምት ሁለት ድምፅ። አንድ ድምፅ እንኳ እየተንጫጫ ፍጥነት አትጨምሩ። ማረፊያው በሌላ ቀለም ያልተለየበት የስኬል ስዕል ካገኛችሁ ተዉት። ሲያማችሁ አቁሙ። ሁልጊዜ ከ6ኛው ክር አትጀምሩ። ደግሜ ልበል፣ ሁልጊዜ ከ6ኛው ክር አትጀምሩ!

ቤንዱ ልክ አይመጣም

ቤንድ ክሩን ወደ ጎን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ ነው። 3ኛው ክር 7ኛ ፍሬት ላይ ሙሉ ቤንድ (የሁለት ፍሬት ያህል) ስታደርጉ ዲ ወደ ኢ መድረስ አለበት። 2ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ያው ኢ ነው። መጀመሪያ እሱን ምቱ፣ አድምጡ፣ ከዚያ በሦስት ጣት ግፉ። በአንድ ጣት አትሞክሩት።

አንድ ፍሬት ላይ ብቻ ድምፁ ይሞታል

ቀጣዩ ፍሬት ከፍ ብሎ ክሩን እየነካው ይሆናል። ራሳችሁ ሞረድ አታንሱ፣ ለሚያውቅ ጠጋኝ ስጡት።