የባኽን ሲ ማይነር ፕሬሉድና ፉግ በ61 ቁልፍ ኪቦርድ

የማስተምረው ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ በተከራየኋት ክፍል ነው። ፒያኖ የለኝም፤ ያለኝ 61 ቁልፍ፣ ማለትም አምስት ኦክታቭ (ኦክታቭ ከአንዱ ሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለው ርቀት ነው) ያለው ኪቦርድ ነው። ጀርመናዊው አቀናባሪ ባኽ በ1722 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቀው የመጀመሪያው የፕሬሉድና ፉግ ጥራዝ ከአራት ኦክታቭ ስለማይወጣ ይበቃዋል። «ፒያኖ ስገዛ እጀምራለሁ» ለሚለኝ ተማሪ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ጥራዙ 24 ጥንዶች አሉት፤ በየጥንዱ ፕሬሉዱ መግቢያ ነው፣ ፉጉ ደግሞ ድምፆች አንድ ዜማ እየተቀባበሉ የሚሄዱበት ነው። ከእነዚህ ሁለተኛውን፣ ሲ ማይነሩን ያዙ። ፕሬሉዱን በሩጫ አትጀምሩት። የየባሩን (በኖታው ላይ በቁም መስመር የተለየውን የየክፍሉን) ኖታዎች ሰብስባችሁ እንደ ኮርድ በአንድ ጊዜ ተጫኑ፤ እጃችሁ ሳይፈልግ ከኮርድ ወደ ኮርድ መሄድ ሲለምድ በትኗቸው። ጎረቤቴ ወፍጮ ቤት አለ፤ ጤፍ ገባበት ማሽላ፣ ጩኸቱ ያው ነው። የፕሬሉዱም ቁጣ እንደዚያ ካለማቋረጡ ይመጣል፤ ቁልፉን መደብደብ ትርፉ ድካም ነው። 34ኛው ባር ላይ አዳጂዮ (በዝግታ) ሲል ሜትሮኖሙን፣ ምት ቆጣሪውን፣ አጥፉና እንደሚናገር ሰው ተጫወቱ።

ፉጉን ለዓመታት በዚያው ቁጣ ስጫወተው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን መንዙማ የሚያወጡ አጎቴ ሰምተውኝ «ልጄ፣ ከማን ጋር ተጣላህ?» አሉኝ። አፈርኩ። ዜማው እኮ ሊጨፈርበት የሚችል፣ ቀልደኛ ነው።

ስለዚህ ፕሬሉዱ ሲያልቅ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አሳርፉ። ፉጉ የሚጀምረው በዝምታ ነው፤ «አንድ» የምትለዋን በእግራችሁ ምቱና ከዚያ ግቡ። ፔዳሉን አትንኩ። ፈጣኖቹን ኖታዎች አያይዟቸው፣ ዘገም የሚሉትን ቆረጥ ቆረጥ አድርጓቸው።

ዜማውን የሚያወጣው መካከለኛው ድምፅ ነው፤ ላይኛው ይቀበለዋል፣ 7ኛው ባር ላይ ባሱ ይገባል። በመንዙማ ተቀባዩ አውጪው እስኪጨርስ ይጠብቃል፤ እዚህ ግን አውጪው ዝም አይልም፣ ሌላ ነገር እያወራ ይቀጥላል። እንግዳው ዜማ ሲገባ ቀድሞ የነበረውን ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ቦታ ልቀቁለት። ይህ የሚለመደው አንዱን ድምፅ እየዘመሩ ሌሎቹን በመጫወት ነው። ሳምንት ይፈጃል፤ ያናድዳልም።

ፕሬሉዱም ፉጉም የሚያልቁት በሲ ሜጀር ነው። የሜጀሩ ኢ ዝቅ አይልም፤ ጣት ግን ኢ ፍላትን (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለውን ኢ) ስለለመደ ብዙ ተማሪዎቼ የመጨረሻውን ኮርድ ያበላሹታል። የመጨረሻዋን ኢ በእርሳስ አክብቧት።