የሚያፈስ የሞተርሆም ጣሪያን በራስ እጅ እንዴት መጠገን ይቻላል?

ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋና ማብሰያ ያለው መኖሪያ መኪና፣ ብዙ ጊዜ ከሞተሩ ቀድሞ የሚሞተው በጣሪያው ነው። ሞተሩ ገና ብዙ የሚያገለግል መኪና፣ በአንድ ስንጥቅ በገባ ውሃ ግድግዳው በስብሶ ገዢ ሲያጣ ማየት የተለመደ ነው። በአሜሪካ ከሚሸጡት አብዛኞቹ በኢንዲያና ግዛት፣ በኤልክሃርት ከተማና አካባቢዋ ይገጣጠማሉ። የብዙዎቹ ጣሪያ የእንጨት ወይም የአሉሚኒየም ማገር፣ በላዩ ስስ ጣውላ፣ በጣውላው ላይ የተለጠፈ የጎማ ሽፋን ነው። ያ ሁሉ በመንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ሽፋኑ ደግሞ ለማናፈሻ፣ ለኤሲ፣ ለአንቴና፣ ለመጸዳጃው የአየር ቱቦና ለጣሪያ መስኮት ሲባል በየቦታው ተበስቷል። በእነዚህ ቀዳዳዎች ዙሪያ የፈሰሰው ማሸጊያ በፀሐይ ደርቆ ሲሰነጠቅ ውሃ መንገድ ያገኛል።

የጥገና ቤቶች በሰዓት ከ100 ዶላር በላይ በሚጠይቁበት አገር፣ መሰላል መውጣትና ካቻቢቴ መያዝ የሚችል ሰው ይህን ሥራ ለሌላ መስጠት የለበትም። ችግሩ አብዛኛው ሰው ማሸጊያውን ገዝቶ በቀጥታ ጣሪያ ላይ መውጣቱ ነው። ሥራው የሚጀመረው ከውስጥ ነው።

መጀመሪያ፦ ውሃው የሚገባበትን ማግኘት

ኮርኒሱ ላይ ቡናማ እድፍ ስላያችሁ ቀዳዳው በትክክል ከእድፉ በላይ ነው ማለት አይደለም። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም፤ ውሃው በአንድ ምስማር ይገባና በማገሩ ላይ ተጉዞ ሌላ ጥግ ላይ ይንጠባጠባል። ሞተርሆም ሲሆን ደግሞ ቤቱ ራሱ ቦታ ይቀያይራል። ዝናቡ ሲዘንብ መኪናው ወዴት አዘንብሎ ቆሞ እንደነበር አስታውሱና ፍለጋችሁን ከእድፉ ወደ ከፍታው በኩል አድርጉ።

ባለ ሁለት መርፌ የእርጥበት መለኪያ ግዙ፤ ርካሽ ነው። በኮርኒሱ ጠርዝ፣ በቁም ሳጥኖች ውስጥና በመስኮቶች ሥር እየወጋችሁ ለኩ። እንጨቱ ከ15 በመቶ በታች ካሳየ ደህና ነው፤ ከ20 በላይ ከሆነ ውሃ ገብቷል። እያንዳንዱን ቁጥር በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ እዚያው ለጥፉት። ሲጨርሱ ቁጥሮቹ እየጨመሩ የሄዱበት መስመር ወደ ቀዳዳው ያመለክታል። ከሹፌሩ በላይ ወደ ፊት የወጣ አልጋ ያለው ክላስ ሲ የሚባለው ዓይነት ከሆነ፣ ፍራሹን አንስታችሁ የአልጋውን ጥጎች አንድ በአንድ ለኩ። በጉዞ ላይ ዝናቡን በነፋስ ግፊት የሚቀበለው ያ ክፍል ነው፤ ያገለገለ መኪና ሳይ ከሁሉም በፊት የምፈትሸውም እሱን ነው።

ሁለት ነገሮች ያታልላሉ። በክረምት ብርድ ወቅት የሰው ትንፋሽና የማብሰያ እንፋሎት በቀዝቃዛ ጥግ ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፤ ይህ የአየር መዘዋወር እጥረት እንጂ የጣሪያ ችግር አይደለም። ዝናብ በሌለበት ቀን ኤሲው ሲሠራ ብቻ የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ የኤሲው የውሃ ማስወገጃ በቆሻሻ ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን አጽዱ።

ቦታው አሁንም ካልታወቀ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ባትሪ መብራት ይዞ ከውስጥ ይቁም፤ ሌላው በውሃ ጎማ፣ ያለ ግፊት፣ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያጠጣ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያርስ ምንም አታውቁም። ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ሌላ ዘዴም አለ። በአንድ የጣሪያ ማናፈሻ በኩል አየር ወደ ውስጥ የሚነፋ ማሽን ይገጠማል፣ ሌሎቹ ክፍተቶች ይዘጋሉ፣ ከዚያ ጣሪያው ላይ የሳሙና ውሃ ይረጫል። አረፋ የሚሠራበት ቦታ ቀዳዳው ነው።

ቀጥሎ፦ ጣሪያውን ማወቅና ማሸጊያውን መምረጥ

ጣሪያ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ጣሪያው ሰው መሸከም መቻሉን ከመመሪያው አረጋግጡ። ቢችልም ሰፊ ጣውላ አንጥፋችሁ በጉልበት ተንቀሳቀሱ፤ ጠዋት ጤዛ ሳይደርቅ አትውጡ።

የጎማው ሽፋን በብዛት ኢፒዲኤም ወይም ቲፒኦ ከሚባሉት ሁለት ዓይነቶች አንዱ ነው። ያረጀ ኢፒዲኤም በእጅ ሲታሽ ነጭ ዱቄት ይለቃል። ቤንዚን፣ ላምባና ሌሎች የነዳጅ ውጤቶች ይህን ጎማ ስለሚያሳብጡት ለማጽጃ አትጠቀሙባቸው። ለስላሳ ሳሙናና ውሃ፣ ቀጥሎ ማሸጊያው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ብቻ በአልኮል የተነከረ ጨርቅ ይበቃል።

ለጠፍጣፋው የጣሪያ ክፍል ራሱን አስተካክሎ የሚተኛ የጣሪያ ማሸጊያ ግዙ፤ ዳይኮር የሚባለው በሰፊው የታወቀ ነው። ቀጥ ብሎ ለቆመ ቦታ ግን የማይወርደውን ዓይነት ጠይቁ። የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን እዚህ ቦታ የለውም። ለጊዜው ያሸጋል፤ ነገር ግን ሲሊኮን በነካው ቦታ ላይ ሌላ ማሸጊያ በደንብ አይያዝም፤ የሚቀጥለውን ጥገና መከራ ያደርገዋል። ያገለገለ መኪና ጣሪያ ላይ ወፍራም የሲሊኮን ክምር ካያችሁ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው እንደቸኮለ እወቁ።

ሥራው፦ ማናፈሻን ለምሳሌ ብንወስድ

አየሩ ደረቅና ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነበትን ቀን ምረጡ። አሮጌውን ማሸጊያ በፕላስቲክ ስፓቱላ ሞክሩት። ጎማው ላይ አጥብቆ የያዘና ላይ ላዩ ብቻ በስሱ የተሰነጠቀ ከሆነ፣ አጽድቶ በላዩ ላይ ተመሳሳዩን ማፍሰስ ይበቃል። በጥፍር ሲነኩት የሚነሳ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ይነሳ። በሚነሳ ነገር ላይ የፈሰሰ አዲስ ማሸጊያ አብሮት ይነሳል።

ማሸጊያው ሲነሳ የማናፈሻው ክፈፍና የብሎኖቹ ራሶች ይታያሉ። ማናፈሻው ሞተር ካለው ኤሌክትሪኩን አጥፉ። ብሎኖቹን በእጅ ፍቱ፤ ዝገት የበላው ብሎን ውሃው በየት እንደወረደ ይናገራል። ክፈፉን ቀስ ብላችሁ ስታነሱ ከሥሩ የተጨፈለቀ ግራጫ ሊጥ መሰል ነገር ታገኛላችሁ። ያ ቡቲል ቴፕ ነው፤ ዋናው ውሃ ከልካይ እሱ ነው፣ ከላይ የፈሰሰው ማሸጊያ ረዳቱ ነው። ሲያረጅ ይደርቅና ከክፈፉ ይለያል።

አሁን በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ጣውላ በካቻቢቴ ጫፍ ውጉ። ካልገባ ደህና ነው። ለስለስ ብሎ ከገባ ግን የበሰበሰውን ቆርጦ በአዲስ ጣውላ ሳይተኩ መዝጋት ብስባሹን ውስጥ መቅበር ነው። እርጥብ ብቻ ከሆነ በአየር ማራገቢያ አድርቁና መለኪያው ከ15 በታች እስኪወርድ ጠብቁ። ጥርሱ ለተበላ የብሎን ቀዳዳ፣ ቀጭን የእንጨት ስንጣሪ በእንጨት ማጣበቂያ ነክራችሁ ሙሉበት፤ ሲደርቅ ብሎኑ ይይዛል።

አዲሱን ቡቲል በክፈፉ ሥር ዙሪያውን ሳይቋረጥ ለጥፉ፤ ጫፍና ጫፉ ይደራረብ። ክፈፉን በቦታው አድርጉና አዲስ የማይዝጉ ብሎኖችን በእጅ፣ በተቃራኒ ጥግ እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። ቡቲሉ በዙሪያው እኩል ተጨምቆ ሲወጣ ይበቃል። በኤሌክትሪክ ማጠበቂያ ከተቸኮለ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። የተረፈውን ቡቲል ቁረጡ፤ ከዚያ የክፈፉ ጠርዝና ጎማው በሚገናኙበት ላይ እንዲሁም በእያንዳንዱ የብሎን ራስ ላይ ማሸጊያውን አፍስሱ። በጣት አታስተካክሉት፤ ራሱ ይተኛል። ፊቱ በሰዓታት ውስጥ ይደርቃል፤ እስከ ውስጡ ለመድረቅ እስከ አንድ ወር ሊወስድበት ይችላል።

ሌሎቹ ቦታዎች

በጣሪያውና በግድግዳው መጋጠሚያ ላይ በብዛት የአሉሚኒየም ክፈፍ አለ፤ በመሃሉ የፕላስቲክ ጥብጣብ ገብቶበታል። ጥብጣቡ በዓመታት ስለሚጠብብ ውሃ ከሥሩ ገብቶ ብሎኖቹን ያዝጋል። አውጡት፣ የዛገውን ብሎን ቀይሩ፣ ራሶቹን አሽጉ፣ አዲስ ጥብጣብ አስገቡ።

ኤሲው በተለመደው 14 በ14 ኢንች ቀዳዳ ላይ በወፍራም የስፖንጅ ጓርኒሲዮን ተቀምጧል፤ የሚይዘውም ከውስጥ በሚታሰሩ አራት ረጃጅም ብሎኖች ነው። በዙሪያው ማሸጊያ አታፍስሱ። ኤሌክትሪኩን አጥፍታችሁ የውስጡን ሽፋን አውርዱና ጓርኒሲዮኑ ወደ ግማሽ ኢንች እስኪጨመቅ ብሎኖቹን እኩል አጥብቁ። ከዚያም ካፈሰሰ ጓርኒሲዮኑ ይቀየራል።

የተቀደደ ጎማ በሰፊ የጣሪያ ቴፕ ይሸፈናል። ጥጎቹን ክብ አድርጋችሁ ቁረጡና በትንሽ መንኮራኩር አጥብቃችሁ ዳምጡት። ከያዘ በኋላ ስለማይላቀቅ ከመለጠፋችሁ በፊት ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት።

ከጥገናው በኋላ

ማሸጊያው ፊቱ ከደረቀ በኋላ የውሃ ጎማውን ሙከራ ድገሙ፤ የወረቀት ፕላስተሮቹንም ቁጥሮቹ እስኪወርዱ አታንሷቸው። ጣሪያውን ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከክረምት በፊትና በኋላ፣ ወጥታችሁ እዩት።

በማሸጊያ የማይመለስ አንድ ጉዳት አለ። የፋይበርግላሱ የውጭ ግድግዳ ከውስጡ ተላቆ ሲያብጥ ነው። ከጎን ሆናችሁ ወደ ፀሐዩ ብርሃን ስታዩት ሞገድ ይሠራል፤ በመዳፍ ሲገፉት ይሰጥማል። ጥገናው ግድግዳውን መክፈት የሚጠይቅ ስለሆነ ለባለሙያ ይተው። ገና ያልገዛችሁት መኪና ከሆነ ደግሞ ሻጩ ስለ ሞተሩ ሲያወራ እናንተ ግድግዳውን በመዳፍ እየገፋችሁ ዙሩት።