የትኛው ዕዳ ይቅደም? ከብድር መውጫ ለወሎ ቤተሰብ

ከብዙ ሰው የተበደረ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው በይሉኝታ ቅደም ተከተል ነው። አጎቱን ለቅሶ ቤት ሲያገኘው ስለሚሸማቀቅ የአጎቱን ያስቀድማል፤ ባለሱቁ ጠዋት ማታ ስለሚያየው የዱቤውን ይቀንሳል፤ በየወሩ ወለዱን ብቻ እየተቀበለ ድምፁን የማያሰማው አራጣ አበዳሪ ግን ከሁሉም ኋላ ይቀራል። ቅደም ተከተሉ መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው። ዕዳ የሚደረደረው በዓመት በሚያስወጣው ዋጋ እንጂ በሚያመጣው ሐፍረት አይደለም።

ለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። በየመስመሩ የአበዳሪውን ስም፣ የቀረውን ዋና ገንዘብ፣ በወር የሚከፈለውን ወለድ ወይም የአገልግሎት ክፍያ፣ የመክፈያውን ቀን፣ እንዲሁም ዋስ የሆነውን ሰው ወይም በመያዣነት የተሰጠውን ንብረት ይጻፉ። ዕጣው ወጥቶ የተበላ ቁብም ዕዳ ስለሆነ የቀሩት ዙሮች ተደምረው እዚያው ይግቡ። ባለሱቁ ዘይትና ስኳር በዱቤ ሲሰጥ በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥበት ዋጋ ከፍ አድርጎ የሚመዘግብ ከሆነም ልዩነቱ ወለድ ነውና ወለድ ተብሎ ይጻፍ።

ደሴ ሸዋ በር ላይ ልብስ የምትነግድ አንዲት እናት አለች እንበል። ከአራጣ አበዳሪ በመቶ ብር በወር 10 ብር ሒሳብ 20,000 ብር፣ ከብድርና ቁጠባ ተቋም በዓመት 18 በመቶ 40,000 ብር፣ ከእህቷ ያለ ወለድ 15,000 ብር ተበድራለች። በቁጥር ትልቁ የተቋሙ ብድር ነው፤ ነገር ግን የዓመት ወለዱ ቢበዛ 7,200 ብር ሲሆን የአራጣው ወለድ 24,000 ብር ይደርሳል፤ ማለትም ከዋናው ይበልጣል። ይህች ነጋዴ በየወሩ 2,000 ብር ወለድ ብቻ ስትከፍል ብትኖር 20,000ው እንዳለ ይቀመጣል። የተቋሙን ወርኃዊ ክፍያ ሳታቋርጥ ለአራጣው በወር 5,000 ብር ብታውል ግን፣ በመጀመሪያው ወር 3,000 ብር ከዋናው ይቀነሳል፣ በሁለተኛው 3,300፣ እንዲህ እያለ በስድስተኛው ወር ዕዳው ያልቃል፤ የምትከፍለው ወለድ በድምሩ 6,900 ብር እንኳ አይሞላም።

አስቸጋሪው ነገር ብዙ አራጣ አበዳሪ ዋናውን በከፊል አለመቀበሉ ነው፤ «ሙሉውን አምጣ» የሚለው ወለዱ እንዳይቀንስበት ነው። በእኔ ግምት ቁብ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። ከቁቡ ዳኛ ጋር ተነጋግሮ ወይም ዕጣ ከደረሰው አባል ጋር ተስማምቶ ቀደም ያለ ዙር የወሰደ ሰው ወለድ የሌለው ብድር እንዳገኘ ይቆጠራል፤ በዚያ ገንዘብ አራጣውን በአንድ ጊዜ ዘግቶ የቀረውን በየሳምንቱ ለቁቡ ይከፍላል። ለአራጣ ተብሎ የተወሰደ ቁብ ለሠርግ ወይም ለአዲስ ስልክ ከዋለ ግን ዕዳው እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

ሕጉንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለገንዘብ ብድር ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉትን ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 712 አራጣን በወንጀልነት ያስቀጣል። አበዳሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ 20,000 ሰጥተው ውሉ ላይ 32,000 ያጽፋሉ፣ ወይም ባዶ ቼክ ያስፈርማሉ፣ ወይም ብድሩን የቤት ሽያጭ አስመስለው ያዋውላሉ። ከተቀበሉት ገንዘብ የተለየ አኃዝ ያለበት ወረቀት ላይ አይፈርሙ። ከዚህ በተጨማሪ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድርም ሆነ የብድር ክፍያ በፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ካልሆነም በችሎት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ስለሆነ፣ «ምስክር አለኝ» ብሎ ያለ ደረሰኝ መክፈል አደገኛ ነው። የሰጡትን ሁሉ ቀንና ፊርማ ባለው ወረቀት ይያዙ፤ በባንክ ማስተላለፍ ከተቻለ ደግሞ የተሻለ ነው።

የእህትና የአጎት ብድር በዝርዝሩ መጨረሻ ይቀመጣል ሲባል ዝም ይባላል ማለት አይደለም። ቀኑ ከማለፉ በፊት በአካል ሄደው፣ ነገሩ ከበድ ካለም አንድ ሽማግሌ ይዘው፣ አራጣው እስኪዘጋ ስንት ወር እንደሚያስፈልግ በግልጽ ይንገሩ። ዘመድን የሚያስቀይመው ከመዘግየቱ ይልቅ መደበቁ ነው። ገበሬ የሆነ ተበዳሪ ደግሞ የመክፈያ ቀኑን ከእህሉ ጋር ማስማማት አለበት፤ በልግ አብቃይ በሆኑት የወሎ ደጋዎች ገንዘብ የሚገኝበት ወር መኸር ከሚታጨድበት ከቆላው ስለሚለይ፣ አንዱን ቀን ለሁሉም የሚያስፈርም ውል በግ በርካሽ ያሸጣል። ለፋሲካ ወይም ለዐረፋ ገበያ ሊወጣ የሚችል በግ በችኮላ ከተሸጠ የዋጋው ልዩነት ራሱ እንደ ወለድ ነው።

ዕዳ ሲከፈል የቅሬ (የዕድር) መዋጮ አይቋረጥ። ከቅሬ የወጣ ቤት ሐዘን ሲደርስበት ተመልሶ የሚሄደው ወደ አራጣ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዓመታዊ እድሳትም እንዲሁ ነው፤ አገልግሎቱ በአማራ ክልል ሲሞከር ከመጀመሪያዎቹ ወረዳዎች አንዷ ተሁለደሬ ስለሆነች ጥቅሙ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም።

በስልክ የሚገኝ ብድርም እንደ ሌላው ዕዳ ይሰላ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ በዓመቱ መላና እንደኪሴ የተባሉትን የብድር አገልግሎቶች ከዳሸን ባንክ ጋር ካቀረበ ወዲህ ብድር በጥቂት ንክኪ ይገኛል። ለአንድ ወር 5 በመቶ ክፍያ ትንሽ ትመስላለች፤ በየወሩ ታድሶ ዓመቱን ከዘለቀ ግን 60 በመቶ ነው። ሸቀጥ ገዝቶ በሳምንት ለሚያዞር የባቲ ገበያ ነጋዴ ይህ ሊያዋጣ ይችላል፤ ለአስቤዛ የተበደረ ሰው ግን ትርፍ የሌለው ነገር ላይ ወለድ ከፍሏል። ወለድ በሃይማኖቱ የማይፈቀድለት ሰው በሙራባሃ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን በግልጽ ጨምሮ እንዲሸጥለት መጠየቅ ይችላል፤ ሆኖም የተጨመረውን ትርፍ በጥሬ ገንዘብ ከሚገዛበት ዋጋ ጋር ማወዳደር አይቅር።

በእጃችን ያለው የኤቲኤም ካርድ በአብዛኛው የራሳችንን ገንዘብ የሚያወጣ ነው፤ አሜሪካ ያለ ልጅ ወይም ወንድም የሚይዘው ክሬዲት ካርድ ግን የባንኩን ገንዘብ ያበድራል። ሒሳቡ ሲመጣ ሙሉውን በቀነ ገደቡ የከፈለ ሰው ለገዛው ዕቃ በተለምዶ ወለድ አይከፍልም፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግም ሒሳቡ ቢያንስ ከ21 ቀን በፊት እንዲላክለት ያዛል። ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ የሚከፍል ሰው ግን በዓመት 24 በመቶ ወለድ ላለበት 1,000 ዶላር ወር በገባ ቁጥር 20 ዶላር ያህል ለወለድ ይሰጣል፤ 30 ዶላር ቢከፍል ከዋናው የሚቀነሰው 10 ዶላር ነው። ከሁሉ የሚከፋው ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ ማውጣት ነው፤ ለእሱ የእፎይታ ጊዜ ስለሌለ ወለዱ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ ተጨማሪ ክፍያም አለው። ስለዚህ ለሠርግ ወይም ለተዝካር ገንዘብ ላክልኝ የሚል ቤተሰብ ገንዘቡ ከደመወዝ ነው ወይስ ከካርድ ብሎ አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ከካርድ ከሆነ ድግሱን ማሳነስ ይረክሳል።

የመጨረሻው ብር ሲከፈል ሥራው አላበቃም። ዋናውን የውል ወረቀትና በመያዣነት የተሰጠውን ቼክ ወይም የቤት ካርታ ተቀብለው፣ ዕዳው ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን የሚገልጽ ጽሑፍ በአበዳሪው አስፈርመው፣ አንዱን ቅጂ ለዋስዎ ይስጡ፤ ዋሱም በወረቀቱ ላይ ስሙ ተጠቅሶ ከኃላፊነት ነፃ መሆኑን ያረጋግጥ።