ከታንክ ወደ ድሪፐር የሚዞሩ ሰዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

አምባሳደር አካባቢ ከሥራ በኋላ የምንገናኝ ሦስት ጓደኛሞች ነን። ሦስታችንም ለዓመታት ሲጋራ አጭሰን ወደ ቬፕ፣ ማለትም ወደ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ የዞርን ነን። ሁለቱ ታንክ ይይዛሉ፤ እኔ ድሪፐር። “አንዴ ሞልተህ መዋል ስትችል ቀኑን ሙሉ ስታንጠባጥብ አይደክምህም?” ይሉኛል።

መልሴ ሁሌም ቡና ነው። ፔርሙዝ ውስጥ የዋለ ቡናም ቡና ነው። ከጀበና የተቀዳውን የቀመሰ ግን ልዩነቱን ያውቃል። ታንክ የሚተነውን ፈሳሽ አጠራቅሞ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ኮይሉ፣ ግሎ ወደሚያተነው የሽቦ ጥምጥም፣ ይልካል። ድሪፐር ማጠራቀሚያ የለውም። ክዳኑን ትከፍታላችሁ፣ ኮይሉ ውስጥ ያለፈው ጥጥ ላይ ጥቂት ጠብታ ታደርጋላችሁ፣ ትስባላችሁ። ኮይሉ ከአፍ ብዙ አይርቅም። አየሩም በቀጥታ ያገኘዋል። ጣዕሙ የሚጎላው ለዚህ ነው።

እዚህ ከተማ ሌላም ምክንያት አለ። የታንክ ኮይል ሲያረጅ ይጣላል፤ አዲስ መግዛት ያስፈልጋል። በአገራችን ደግሞ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ማስመጣትንም መሸጥንም ይከለክላል። ድሪፐር የሚፈልገው ቁራጭ ሽቦና ጥጥ ነው። እኔ የያዝኩት ውጭ አገር ስሠራ የገዛሁት ነው፤ ዛሬም ያው ነው የሚያገለግለኝ። ይህን ስል ፈልጋችሁ ግዙ ማለቴ አይደለም። ሲጋራ አጭሶ የማያውቅ ሰው በፍጹም አይጀምረው። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል፤ ቬፕም ለሳንባ ጉዳት የለውም የሚባል ነገር አይደለም። የምጽፈው መሣሪያው እጃቸው ላይ ላለና ታንኩን ትተው ወደ ድሪፐር ለመዞር ለሚያስቡ አዋቂዎች ነው። ስህተቶቹን አብዛኞቹን አይቻቸዋለሁ። አንዳንዶቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

ኦሙን ሳይለኩ መጫን

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። የታንክ ኮይል ፋብሪካ ውስጥ ተለክቶ ይመጣል። ድሪፐር ላይ ሽቦውን የምትጠመጥሙት እናንተ ናችሁ። አንድ ዙር ከቀነሳችሁ፣ ወይም ወፍራም ሽቦ ከተጠቀማችሁ ኦሙ፣ ሽቦው ኤሌክትሪኩን የሚቋቋምበት መጠን፣ ይወርዳል። ኦሙ ሲወርድ አምፔሩ፣ ከባትሪው የሚሳበው የኤሌክትሪክ መጠን፣ ይጨምራል።

ስሌቱ ትምህርት ቤት የተማርነው ነው፤ ቮልቱን ለኦሙ ማካፈል። ሙሉ የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው። ኮይሉ 0.5 ኦም ከሆነ 8.4 አምፔር ይስባል። 0.2 ከሆነ 21 አምፔር። 0.1 ከሆነ 42። ቬፕ ላይ የሚገቡት፣ 18650 የሚባሉት ክብ ባትሪዎች፣ ከጥሩዎቹ አብዛኞቹ ያለማቋረጥ የሚችሉት ከ20 እስከ 25 አምፔር ነው። ስለዚህ ትልቅ የተን ደመና ለማውጣት ብሎ 0.1 ላይ የሚወርድ ሰው ባትሪውን ከአቅሙ በላይ እያስጨነቀው ነው። ያውም ፊቱ አጠገብ።

ይህ ስሌት ቺፕ ለሌለው፣ ሜካኒካል ለሚባለው ዓይነት ነው። ቺፕ ያለው መሣሪያ ኦሙን ራሱ ይለካል፤ ሾርት ካለ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በኮይሉ ሳያልፍ በአቋራጭ ከሄደ፣ አልሠራም ይላል። ሜካኒካሉ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ በ2019 ደግሞ በቴክሳስ ቬፕ ፈንድቶ ሰው ሞቷል። ጀማሪ ከሆናችሁ ሜካኒካል አትንኩ። ይህን ስል እየለመንኩ ነው።

በተራ ቴስተር መለካትም ያሳስታል። የቴስተሩ ገመድ ራሱ 0.2 ኦም አካባቢ ሊያሳይ ይችላል፤ እኛ የምንፈልገው ቁጥር ደግሞ ያንኑ ያህል ትንሽ ነው። መሣሪያው ስክሪን ላይ የሚያሳየውን እመኑ። ኮይሉን ካሰራችሁ በኋላ የሽቦው ጫፍ ከብሎኑ ወጥቶ ክዳኑን እንዳይነካ እዩ። ትርፉን ጥግ ድረስ ቁረጡት።

አንድ ወዳጄ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦ ቆርጦ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠይቆኝ ነበር። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ገባኝ፤ ያም የሚግል ሽቦ ነው። ግን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም፤ ስንት ዓመት እንጀራ ሲጋገርበት እንደኖረም እንዲሁ። የምትተነፍሱበት ነገር ነው። አይሆንም።

መጠኑ አንድ ነው ብሎ ማንኛውንም ባትሪ ማስገባት

ከአሮጌ ላፕቶፕ የተፈታ 18650 ከውጭ ሲያዩት ልዩነት የለውም። ውስጡ ግን ቀስ ብሎ ለረጅም ሰዓት እንዲሰጥ የተሠራ ነው። ቬፕ የሚፈልገው በአንዴ ብዙ አምፔር የሚለቅ ነው። የእጅ ባትሪ ላይ የሚመጡትና 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል የተጻፈባቸውም አሉ። ቁጥሩ ውሸት ነው። ጥሩ የሚባለው 18650 እንኳ 3,500 አካባቢ ላይ ነው የሚቆመው። በዚህ የዋሸ፣ በአምፔሩም ይዋሻል።

የባትሪው ላስቲክ ከተቀደደ አትጠቀሙበት። ቆርቆሮው በሙሉ ኔጌቲቭ ስለሆነ ትንሽ ቀዳዳ ለሾርት ይበቃዋል። ኪስ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር መያዝም ያው ነው። ፕላስቲክ መያዣ ፈልጉለት።

ጥጡን መጠቅጠቅ

ድሪፐር ጣዕም የለውም ብለው የሚተዉት አብዛኞቹ ጥፋቱ ጥጡ ላይ ነበር። ጥጡ ሲበዛ ይታነቃል፤ ፈሳሹ ወደ መሃል አይደርስም። መሃሉ ደርቆ ይቃጠላል። ጉሮሮን እንደ በርበሬ ጭስ የሚይዘው ያ ነው። ጥጡ ሲያንስ ደግሞ ፈሳሹ ይተርፍና በአየር ቀዳዳው በኩል ሸሚዛችሁ ላይ ይፈሳል።

እጅ የሚለምደው መለኪያ አለ። ጥጡን በኮይሉ ውስጥ ስትጎትቱት ትንሽ መያዝ አለበት፤ ግን ሽቦውን ማጣመም የለበትም። ጫፎቹን ሳሳ አድርጋችሁ ወደ ታች፣ ፈሳሹ ወደሚቀመጥበት ጉድጓድ አውርዷቸው። ሳትጨቁኑ። እኔ ይህን ለመልመድ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል።

ከትራስ የወጣ ጥጥ አትጠቀሙ። አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ ሲግል ይቀልጣል። ንጹሕ የተፈጥሮ ጥጥ ይሁን። ደርቆ ከተቃጠለም በላዩ ላይ ጠብታ ጨምሮ መቀጠል ትክክል አይደለም። ፈሳሹ ከልክ በላይ ሲግል ፎርማልዲሃይድን የመሰለ ጎጂ ነገር ይፈጥራል። ጥጡን አውጥታችሁ ጣሉት፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ድሪፐርን የመረጥነውም እኮ ለዚህ ነው።

በክረምት ደግሞ አንድ ነገር ታያላችሁ። ሐምሌ ላይ ጠዋት ጠዋት ፈሳሹ ይወፍራል። ግሊሰሪን የበዛበት በተለይ። በታንክ ጠባብ ቀዳዳ ማለፍ ያቅተዋል። ድሪፐር ላይ ግን ጥጡን በቀጥታ ስለምታርሱት ብዙም አያስቸግርም።

የፖዱን ፈሳሽ ድሪፐር ላይ ማድረግ

አዲስ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፖድ በሚባሉት ትንንሽ ቬፖች ላይ የሚገባው፣ ኒኮቲን ሶልት የሚባለው ፈሳሽ ኒኮቲኑ 50 ሚሊግራም በሚሊሊትር ሊደርስ ይችላል። ፖድ በትንሽ ዋት ትንሽ ተን ስለሚያወጣ ነው። ድሪፐር በ60 እና በ70 ዋት ብዙ ፈሳሽ በአንዴ ያተናል። ለድሪፐር የሚሆነው 3 ቢበዛ 6 ነው። እኔ አንድ ቀን የጓደኛዬን ጠርሙስ ሳላነብ አንጠባጠብኩ። ሁለት ጊዜ ሳብኩ። ላብ አጠመቀኝ፣ ልቤ መታ፣ አስመለሰኝ። ከዚያ ወዲህ ሳላነብ ጠብታ አላደርግም።

ከገበያ የኬክ ማጣፈጫ ዘይት ገዝቶ መቀላቀልም አለ። የሚበላ ነገር ሁሉ አይተነፈስም። ዘይት ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሳንባ ምች ሊያስከትል ይችላል። በቃ፣ አታድርጉት።

ታንክ ሞልቶ ደጋ መውጣት

ይቺ የታንክ ስህተት ናት፤ ግን ብዙ ሰው ወደ ድሪፐር የሚዞረው በእሷ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ድሬዳዋ ላይ የሞላችሁት ታንክ ውስጥ ያለው አየር እዚህ ሲደርስ ይለጠጣል። ፈሳሹን ይገፋዋል፤ ቦርሳችሁ ይረጥባል። ታንክ ይዛችሁ ከቆላ ስትመጡ ባዶ አድርጉት። ድሪፐር የሚለጠጥ አየር የሚያጠራቅምበት ቦታ የለውም።

መኪና እየነዱ ማንጠባጠብን አንዴ ብቻ ልጥቀስ፤ አታድርጉ። “ጭስ አይደለም፣ ተን ነው” ብሎ ካፌ ውስጥ መሳብም ልክ አይደለም። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው አልመረጠውም።

ጠርሙሱን ሜዳ ላይ መተው

ታንክ የያዘ ሰው ጠርሙሱን ቤት ትቶ ይወጣል። ድሪፐር የያዘ ሰው ጠርሙሱ ሁሌ አጠገቡ ነው፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ አልጋ ራስጌ። ፈሳሹ የፍራፍሬ ሽታ አለው። ኒኮቲኑ ደግሞ ለሕፃን በትንሹም መርዝ ነው። ቆዳ ላይ ሲፈስም ይሰርጋል፤ ወዲያው ታጠቡ።

እማዬ የዓይን ጠብታ ትጠቀማለች። አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በዳሰሳ ጠርሙሷን ስትፈልግ የእኔን አነሳች። ቅርጹ አንድ ነው፤ አፉም አንድ ነው። ክዳኑን ስትከፍት እንጆሪ እንጆሪ ሸተታትና “ይሄ ምንድነው ልጄ?” አለችኝ። ሮጬ ከእጇ ወሰድኩት። አሁን ጠርሙሶቼ በሙሉ ቁልፍ ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ቁም ሳጥን ላይ ናቸው። እያንዳንዳቸው ላይ በቀይ ማርከር “መርዝ” ብዬ ጽፌባቸዋለሁ።