ጌም መሃል ዋይፋይ የሚቆረጥበት ላፕቶፕ እንዴት እንደተስተካከለ

ዋይፋዩ የሚጠፋው ጌም ስጫወት ነው፤ ስልኬ በዚያው ሰዓት ያለችግር ይሠራል። ጌሙን ሳልዘጋ በኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በሚጻፍበት የዊንዶውስ መስኮት) ራውተሩን ያለማቋረጥ ፒንግ አደረግኩት፤ ማለትም አጭር መልእክት እየላክሁ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ አየሁ። የእኔ ራውተር አድራሻ 192.168.1.1 ነው። መልሱ በ2 እና በ3 ሚሊሰከንድ ሲመጣ ቆይቶ በድንገት ቀጥ አለ። ራውተሩ ጋ እንኳ ካልደረሰ ችግሩ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው፤ ለኢንተርኔት ድርጅቱ ከመደወላችሁ በፊት ይህን ብትሞክሩ ብዙ ድካም ይቀርላችኋል።

ዲቫይስ ማኔጀር (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚስተካከሉበት የዊንዶውስ ገጽ) ውስጥ የዋይፋይ ካርዱን ፕሮፐርቲስ ከፍቼ፣ ፓወር ማኔጅመንት ላይ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አነሳሁ። መቆራረጡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

የቀረው ከብሉቱዝ ማዳመጫዬ ነበር፤ እሱም ዋይፋዩም 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የሬዲዮ ሞገድ ላይ ይጋፋሉ። ላፕቶፑን ወደ 5 ጊጋኸርዝ ሳዛውረው ፒንጉ ጸና። ግን 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ላይ ይደክማል፤ ራውተራችሁ ሌላ ክፍል ከሆነ የኔትወርክ ገመድ ዘርጉ።